በቅሎን ቀድሞ በአይሮፕላን የተቀደመው ባቡር፤ የሙሴ ኢልግ የሕይወት ታሪክ

መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አንድ ታላቅ የፈቃድ ውል ሰጡ። ውሉ የምድር ባቡር የሚሠራ ኩባንያ እንዲቋቋም የሚፈቅድ ሲሆን፥ ዘመኑ 99 ዓመት፥ መንገዱም በሦስት የተከፈለ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ ተነሥቶ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ይህን ውል የተቀበሉት ሰው አልፍሬድ ኢልግ የተባሉ የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ ናቸው።

አንባቢ እንጦጦ የሚለውን ስም ልብ ይበልልን። ዛሬ የጉለሌ ሰው ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወይም ከአዲሱ ገበያ ቀና ብሎ የሚያየው ያው ተራራ ነው። አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ከተቆረቆረች ገና ሰባት ዓመት ያህል ስለ ነበራት፥ በወረቀት ላይ የባቡሩ መድረሻ ሆኖ የተጻፈው የቀድሞው መናገሻ ነበር። ባቡሩ ግን እንጦጦን አልወጣም። ሙሴ ኢልግም ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ አላዩም። ዛሬ የመንገደኛ ባቡር እንዴት ቢሠራ ከአውቶሞቢልና ከአይሮፕላን ጋር ሊሽቀዳደም ይችላል እየተባለ በሚጠየቅበት ጊዜ የእኒህን ሰው ሕይወት መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማል፤ እርሳቸውም በዘመናቸው ይህንኑ ጥያቄ ተጋፍጠውታልና። ልዩነቱ የእርሳቸው ተፎካካሪዎች ግመልና በቅሎ መሆናቸው ብቻ ነው።

ኢልግ የተወለዱት በመጋቢት ወር 1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር በቱርጋው ክፍል፥ ፍራውንፌልድ በምትባለው ከተማ ነው። ወላጆቻቸው በጋብቻ የተሳሰሩ ስላልነበሩ፥ በዘመኑ እንዲህ ተወልዶ ማደግ ቀላል ነገር አልነበረም። ወጣቱ ግን በትምህርቱ በርትቶ በዙሪክ ከተማ በሚገኘው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ምህንድስናን ተምሮ ተመረቀ። ይህ ትምህርት ቤት በኋላ ዘመን አልበርት አይንስታይን የተማረበት ነው። ከዚያም በበርን ጥቂት ጊዜ እንደ ሠራ፥ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከአውሮፓ የእጅ ጥበብ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ የሚል ወሬ ደረሰው። ጥሪውን ያስተላለፈው በኤደን የሚነግድ የስዊሶች የንግድ ቤት ነበር። ኢልግ ዕድሜው 24 ዓመት ሲሆን ሁለት የእጅ ባለሙያዎች አስከትሎ በ1870 ዓ.ም. ጉዞውን ጀመረ።

የጉዞውን ርዝመት ማስተዋል ያስፈልጋል። በግንቦት ወር ከአገሩ የወጣው መንገደኛ አንኮበር የደረሰው የፈረንጆች አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ በጥር ገደማ ነው። ከስዊስ እስከ ቀይ ባሕር በር በባቡርና በመርከብ የተጓዘው በሳምንታት የሚቈጠር ሲሆን፥ የቀረው ጊዜ ሁሉ ያለቀው በባሕሩ ዳርና በበረሓው መንገድ ላይ ነው። የግመል ነጋዴው ዋጋ እስኪስማማ፥ የየአገሩ ባላባት መንገድ እስኪፈቅድ፥ የውኃ ጕድጓዱ ውኃ እስኪያወጣ፥ መንገደኛው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ግመሉም ቈላውን ከጨረሰ በኋላ ደጋውን አይወጣምና ጭነቱ ሁሉ ወርዶ በበቅሎና በአህያ ላይ እንደ ገና ይጫናል። በየኬላውም ቀረጥ አለ። ይህ ሰው ስለ ባቡር ያሰበው በዙሪክ መጽሐፍ ቤት ተቀምጦ ነው የሚል ካለ፥ እኔ በበኩሌ አላምንም። ያን መንገድ በእግሩ የሄደ መሐንዲስ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል?

የአንኮበር ኑሮው አጀማመር እንደ ተረት የሚነገር ነው። ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራላቸው ነበር ይባላል። መሐንዲሱ ጫማ መስፋት ሥራው ባይሆንም ሠርቶ አቀረበ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ያንንም እንደ ምንም አድርጎ አበጀ። ንጉሡ እጁንና ትዕግሥቱን ከፈተኑ በኋላ ወደ እውነተኛ ሥራው አዞሩት። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። እንጨቱም ብረቱም በሰው ትከሻና በጋማ ከብት የተጋዘ ነበር። በ1880ዎቹ ዓመታት ደግሞ ከእንጦጦ ሥር የሚፈልቀውን ውኃ በቧንቧ ስቦ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገባ። ውኃ ቍልቍል ወርዶ ደግሞ ሽቅብ ሲወጣ ያየ የከተማው ሰው እጅግ ተደነቀ። ከእንጦጦ የወጣ ውኃ በቧንቧ ቤት ገባ ማለት፥ በዛሬው አነጋገር የጉለሌ ምንጭ የአዲስ አበባን የመጀመሪያ የቧንቧ ውኃ አጠጣ ማለት ነው።

ሙሴ ኢልግ አማርኛ ተምረው እንደ አገር ሰው ይናገሩ ነበር። (ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ፤ እስካሁን አንተ ያልሁት ለወጣትነቱ ነው።) በምኒልክ መልክ የታተመው ገንዘብና የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቴምብር በፓሪስ እንዲሠሩ በተደረገ ጊዜ እጃቸው ነበረበት። ከዐድዋ ድል በኋላ በመጋቢት 1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪነት ማዕርግ ተሰጥቷቸው የውጭ አገር ጉዳይን በሚመለከት ነገር ሁሉ ለንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ሰው ሆኑ። በሐረር በንግድ ይኖር ከነበረው ከፈረንሳዊው ባለቅኔ ከአርቱር ራምቦ ጋርም ይጻጻፉ ነበር። ስለ ቅኔ የተጻጻፉ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ሸቀጥ፥ ስለ ዕዳና በመንገድ ስለ ቀረ ግመል ነው።

ወደ ባቡሩ እንመለስ። ሙሴ ኢልግ ሐሳቡን ለንጉሡ ለማስረዳት አነስተኛ የባቡር ሞዴል ሠርተው በሐዲድ ላይ ሲሄድ አሳዩ ይባላል። ምኒልክ አዲስ ነገርን የማይፈሩ፥ ሁሉንም በእጃቸው ነክተው ማየት የሚወዱ ንጉሥ ስለ ነበሩ ነገሩን ወደዱት። መኳንንቱ ግን አንድ ሆነው አልደገፉም። ባቡር ዕቃ የሚያመጣውን ያህል የውጭ ጦርም ሊያመጣ ይችላል የሚል ሥጋት ነበረ። ይህ ሥጋት የመሐይም ፍርሃት ነው ብለው የሚያቃልሉት አሉ፤ በኋላ የሆነውን ያየ ግን እንዲህ ለማለት አይቸኩልም። ግመል እያከራየ የሚኖረው የቈላ ሰውም እንጀራው የሚቈረጥበት መሆኑን ከሁሉ አስቀድሞ ዐውቆት ነበር።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ምንም ሥራ አልተጀመረም። የመንገዱ መነሻ የፈረንሳይ ግዛት ስለ ሆነ የፈረንሳይ መንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። በመካከሉም የጣልያን ጦርነት መጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተገኘው ድል የኢትዮጵያን ስም በዓለም ሲያስጠራ፥ ለባቡሩም በር ከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ኢልግና ባልንጀራቸው ፈረንሳዊው ነጋዴ ሙሴ ሸፍኔ ኩባንያውን በፓሪስ አቋቋሙ። በጥቅምት ወር 1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሥራው ተጀመረ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው ገንዘቡ ጥቂት ነበር። ገንዘብ ጥቂት ሲሆን መሐንዲስ የሚቈጥበው ከሐዲዱ ስፋት፥ ከኩርባውና ከዳገቱ ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። የአውሮፓው ትልቁ ባቡር ስፋት ግን 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ጠባብ ሐዲድ ተራራውን እየተጠመዘዘ ስለሚዞር ብዙ ድንጋይ መፍለጥ፥ ብዙ ዋሻ መቈፈር አያሻውም። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ፍጥነት ነው። ባቡር ኩርባ ሲዞር ወደ ውጭ የሚገፋው ኀይል ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ የሚሻ ሰው የኩርባውን ስፋት አራት እጥፍ ማድረግ አለበት። ሎኮሞቲቩን መለወጥ በገንዘብ የሚቻል ነው፤ ኩርባን መለወጥ ግን መንገዱን እንደ ገና መሥራት ነው።

ሐረርም በዚሁ ምክንያት ቀረች። ሐረር ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲሆን፥ ሐዲዱን ወደዚያ ለማውጣት የሚያስፈልገው ወጪ ከኩባንያው አቅም በላይ ሆነ። በተራራው ሥር ባለው ሜዳ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች፥ በኋላ ድሬዳዋ። በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚያ ደረሰ። በጅቡቲ በኩል ያሉትን የሸበሌንና የሆልሆልን ሸለቆዎች በብረት ድልድይ ተሻግሮ፥ ለእንፋሎቱ የሚሆን ውኃ በማይገኝበት በረሓ 310 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ መድረሱ ታላቅ ሥራ ነበር። በግምት የተናገርን አይምሰል፤ ከመሐንዲስነት አንጻር ከዚያ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ መንገድ ይወጣ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ነገር ግን ደስታው ሙሉ አልሆነም። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው ከእንግሊዝ ባለገንዘቦች ተበደረ። የፈረንሳይ መንግሥት ደግሞ መንገዱ በእንግሊዞች እጅ እንዳይገባ በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ውል ገብቶ ድጎማ ሰጠ፥ በዚያውም ሥልጣን ያዘ። ዐፄ ምኒልክ ይህን ሲሰሙ ተቈጡ። ውል የሰጡት ለኩባንያ ነበር፤ አሁን ግን ሌላ መንግሥት በአገራቸው ምድር ላይ የሚያዝዝበት መንገድ ሆኖ አገኙት። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ሥራም አላስቀጠሉም። መኳንንቱ የፈሩት እንዲህ ባለ መንገድ መጣ። ሙሴ ኢልግ በሁለቱ መካከል ቀሩ። ንጉሡን ያገለግላሉ፥ የኩባንያው ውልም በስማቸው ነው፤ ስለዚህ ለማንኛውም ወገን ፍጹም የታመኑ ሊሆኑ አልቻሉም። ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲቆም መንገደኛው እንደ ቀድሞው በበቅሎ ቀጠለ።

በ1898 ዓ.ም. ገደማ ሙሴ ኢልግ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፋኒና ከልጆቻቸው ጋር ወደ ስዊስ ተመለሱ። ብዙም ሳይቆዩ የአማካሪነቱን ሥራ ለቀቁ። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ጣልያን ምኒልክን ሳያማክሩ በኢትዮጵያ ጉዳይ ውል ተዋዋሉ፤ የባቡሩም ነገር በውሉ ውስጥ ነበረበት። የኢልግና የሸፍኔ ኩባንያ ከሰረ፥ በምትኩ በ1900 ዓ.ም. በተሰጠ አዲስ ውል ሌላ ኩባንያ ሥራውን ወሰደ። ወደ 28 ዓመት የኢትዮጵያን እንጀራ የበሉት ሰው በዙሪክ ቤታቸው ከኢትዮጵያ ባመጧቸው ዕቃዎችና ፎቶግራፎች መካከል ተቀመጡ። ከዕቃዎቹ ብዙዎቹ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ገብተዋል።

ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሙሴ ኢልግም በታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. በዙሪክ በድንገት ሞቱ፤ ቀኑ በእኛ አቈጣጠር የገና ዕለት ነበር። ዕድሜያቸው 61 ዓመት። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ውሉን የሰጡትም፥ ውሉን የተቀበሉትም አላዩትም።

የደረሰውስ ባቡር ምን ያህል ፈጣን ነበር? ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አንድ ሌሊት በአዋሽ፥ አንድ ሌሊት በድሬዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ባሕሩን ያያል። በቀን 260 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። የዛሬ ሰው ይሥቅ ይሆናል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ቅፍለቱ ይህንኑ መንገድ በስድስት ሳምንት ገደማ ይጨርስ ነበርና፥ ስድስት ሳምንትን ወደ ሦስት ቀን ማውረድ የዛሬው አይሮፕላን ባቡሩን ከቀደመው ይበልጣል። ኢልግ ሊያሸንፉት የወጡትን ተፎካካሪ ፈጽመው አሸንፈዋል።

ከዚያ በኋላ ሌላ ተፎካካሪ መጣ። በፋሽስት ወረራ ዘመን ጣልያኖች ሊቶሪና የሚባለውን ሞተሩ ከነሠረገላው የሆነ ቀላል ባቡር አመጡ፥ የጉዞውም ሰዓት አጠረ። በ1940ዎቹ ዓመታት በናፍጣ የሚሠራ ሎኮሞቲቭ እንፋሎቱን ማስለቀቅ ጀመረ። ቀጥሎም የፈረንሳይ አውቶራይ መጣ። ሁሉም ፈጣን ነበሩ፤ የሚሄዱት ግን በዚያው በአንድ ሜትር ሐዲድ፥ በዚያው ኩርባ ላይ ነው። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ ጀመረ። ወደ አሰብ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሲሻሻል ደግሞ ካሚዮኑ ጭነቱን፥ አውቶቡሱ መንገደኛውን መሻማት ያዘ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮቹ ተጐዱ።

የኩርባው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ታየ። አንድ የመንገደኛ ባቡር በኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ወደ ድልድይ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ፥ ፉርጎዎቹም ወደ ገደሉ ወረዱ። ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ይህ ነው።

ጃፓኖችም የእኛን የመሰለ ችግር ነበረባቸው። የቀድሞው ሐዲዳቸው ጠባብ፥ ኩርባው ብዙ ነበር። እነርሱ ግን በዚያ ሐዲድ ላይ ፈጣን ባቡር ማስሮጥ እንደማይሆን ዐውቀው፥ ከቶኪዮ እስከ ኦሳካ ሰፊ ሐዲድ ያለው፥ ኩርባው የሰፋ፥ መኪናም እንስሳም የማያቋርጠው ሌላ መንገድ ሠሩ። በመስከረም 1957 ዓ.ም. ተከፈተ። በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ባቡር ስድስት ሰዓት ተኩል የነበረውን ጉዞ መጀመሪያ ወደ አራት፥ በዓመቱ ወደ ሦስት ሰዓት ከ10 ደቂቃ አወረደው። ርቀቱ 515 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ካለው ብዙም አይርቅም። ፈረንሳዮችም ከፓሪስ እስከ ሊዮን በ1974 ዓ.ም. እንዲሁ አደረጉ፥ በዚያ መንገድ የአይሮፕላኑ ገበያ ቀዘቀዘ። እንዲህ ያለው ርቀት ለአውቶሞቢል ይረዝማል፥ ለአይሮፕላን ያጥራል። በአየር የሚገኘው ትርፍ ሰዓት ወደ ጣቢያው በመሄድና ተራ በመጠበቅ ያልቃልና።

የእኛም አዲስ መንገድ ተሠርቷል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡር፥ ሐዲዱ ሰፊ፥ የመንገደኛው ባቡር ፍጥነትም በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ኩርባው ቀና፥ ዳገቱ ለዘበ። ያለ ማቋረጥ በዚያ ፍጥነት ቢሄድ ድሬዳዋን በአራት ሰዓት ገደማ በደረሰ ነበር። ነገር ግን በየጣቢያው ይቆማል፤ ከአዳማ ወዲያ ሐዲዱ ነጠላ ስለ ሆነ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ ከጭነት ባቡር ጋር መንገድ ይጋራል፤ በቈላው ከብትና ግመል ሐዲዱን ስለሚያቋርጡ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድም የተነደፈው ለዚያው ለ120 ኪሎ ሜትር ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የጣቢያው ቦታ ነው። በኅዳር 1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሃር ጣቢያ በከተማው እምብርት ነበረ። የአዲሱ ጣቢያ በፉሪ ለቡ፥ በከተማው ደቡባዊ ጫፍ ነው። ከጉለሌ ተነሥቶ ለጉዞ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ይሻገራል፥ ታክሲም ይለዋውጣል። ቦሌ ግን ከዚያ ይቀርበዋል። ባቡሩ በሐዲድ ላይ ያተረፈውን ሰዓት መንገደኛው በከተማ ውስጥ ይከፍላል። ሙሴ ኢልግ በውላቸው መድረሻው እንጦጦ እንዲሆን ሲያደርጉ ዳገቱን ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም፤ ንጉሡም ሕዝቡም ያለበት ዘንድ ባቡሩ ይምጣ ብለው ነው።

እንጦጦ ድረስ ግን እስካሁን ሐዲድ አልወጣም። በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ሲከፈት የሰሜን ጫፉን ያደረገው ውሉን በሰጡት በዐፄ ምኒልክ አደባባይ ሥር ነው። ከዚያ በላይ ጉለሌ ነው፤ ከጉለሌም በላይ በ1886ቱ ውል ስሙ የተጻፈው ተራራ።